ጠጅ ቅመሳ ከመርሳ እስከ ወልዲያ

አባቶቻችን የሀገራችንን ምድር እንደ ከፍታውና እንደ ዝቅታው ደጋ፥ ወይና ደጋ፥ ቈላ ብለው ሲከፍሉት፥ መካከለኛውን ክፍል በወይን ስም መጥራታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ብርዱ የማያኰራምተው፥ ሙቀቱም የማያቃጥለው ለወይን የተስማማ ምድር ማለታቸው ነው። የምኖርባት የወልዲያ ከተማም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በዚሁ በወይና ደጋ ውስጥ ትገኛለች። ይሁን እንጂ መንገደኛ በስሙ ተመርቶ ወይን ፍለጋ ወደ እኛ ቢመጣ፥ በየጓሮው የሚያገኘው የወይን ሐረግ ሳይሆን ጌሾ፥ በየቤቱም የሚያገኘው የወይን በርሜል ሳይሆን የጠላና የጠጅ ጋን ነው።

በአውሮፓ ወይን በሚያበቅሉ አገሮች ወዳጅ ከወዳጁ ጋራ አመሻሹ ላይ ወደ ወይን ቤት ይሄዳል። ልዩ ልዩ ዓይነት ወይን በጥቂት በጥቂቱ እየተቀዳላቸው በመጀመሪያ መልኩን ወደ ብርሃን አቅንተው ያያሉ፤ ቀጥለው ሽታውን ያሸታሉ፤ ከዚያም በአፋቸው አዟዙረው ይቀምሳሉ። ብዙ ዓይነት የሚቀምሱትም እንዳይሰክሩ መልሰው ይተፉታል። በሀገራችንም ቢሆን የወይን ሥራ እንግዳ አይደለም። ጉደርና አክሱማይት የተባሉት የአዋሽ ወይን ጠጆች ከብዙ ጊዜ ጀምረው የታወቁ ናቸው፤ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያም በዝዋይ ወይም በባቱ አጠገብ ካስተከለው እርሻ ያገኘውን ወይን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል። ቅመሳም ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ጊዜ በጌቶች አዳራሽ ጠጅ ቀጂው ለጌታው ከመስጠቱ አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ ይህም መጠጡ መርዝ የሌለበት መሆኑን በገዛ ሕይወቱ ማረጋገጡ ነበር።

እኔ ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወጋው ከአንድ ወዳጄ ጋራ ስላደረግሁት የጠጅ ቅመሳ ነው። ከቤቴ የወጣሁት ጥቂት ተጨዋውተንና ጥቂት ቀምሰን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ያን ምሽት የቀመስሁት ግን ጠጅ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የደብረ ቁስቋም በዓል ነበር፤ የጽጌ ጾም አልቆ፥ ጾመ ነቢያት ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ወዳጄ በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ሆነን፥ ከአንድ ጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ እየተቀባበልን አስተምረናል። አባቱ በማረፋቸው፥ ጥር 17 ቀን የሚሆነውን የታናሽ እኅቱን ሠርግ የሚደግሰው እርሱ ነበር። ስለዚህ በስልክ ጠርቶ «ጠጁን የምትቀምስልኝ አንተ ነህ» አለኝ።

ደጋሽ ራሱ የሚያቀርበውን ጠጅ በሌላ ሰው አፍ ማስቀመሱ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ምክንያቱን እኔ አውቅ ነበር። ወዳጄ ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚያሰክር ነገር ወደ አፉ አላስገባም። ከዚያ በፊት የነበረው ኑሮው ግን እንዲህ አልነበረም። በጠጅ የተጀመረው ወደ አረቄ ተሻግሮ፥ ደመወዙ ወር ሳይሞላ የሚያልቅበት፥ የጧቱን ክፍለ ጊዜ እኛ ባልንጀሮቹ እየተካን የምናስተምርለት ዘመን ነበረ። ከትዳሩም ለመለያየት ጥቂት ሲቀረው፥ የነፍስ አባቱ ምክርና የእናቱ እንባ መለሰው። የዚህ ነገር መነሻ የት እንደ ሆነ ኋላ እናገራለሁ፤ ለመናገር የሚከብደኝም እርሱ ነውና።

ጧት ቅዳሴ አስቀድሼ በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድሁ። መርሳ ከወልዲያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጐዳና ላይ የተቈረቈረች የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ከወልዲያ ሲወርድ በስተቀኝ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተግራ ደግሞ ምድሩ እየተዳፋ ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል። ከመንገዱ ላይ ሲሪንቃ ትገኛለች፤ ለዝናብ አጠር አገር የሚስማማ የማሽላና የሌላም እህል ዘር የሚመረመርበት የእርሻ ምርምር ማዕከል ያለባት ናት። ወሩ ኅዳር ስለ ነበረ ማሽላው አሽቶ ራሱን አዘንብሏል። በየማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ሕፃናት ወንጭፋቸውን እያጮኹ ወፍ ይጠብቃሉ። ጤፉም ባንዳንዱ ቦታ ታጭዶ ተከምሯል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ወደ መርሳ መቃረባችንን አወቅሁ፤ ምክንያቱም በመንገዱ ዳር የማንጎና የብርቱካን ጥላ መታየት ጀምሮ ነበር።

ወዳጄ በመናኸሪያው አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ንጹሕ ነጠላውን ከኮቱ ላይ ደርቦ፥ እንደ ወትሮው ኪሱን በጠመኔ አቧራ አንጽቶ ነበር። «እንግዲህ ዛሬ ምላስህን አደራ» አለኝ። እኔም «ምላሴን ብቻ ከሆነ ግድ የለም» ብዬው ተሳሳቅን።

በመርሳ የጀመርነው በጠላ ነበር። ለሠርጉ ጠላ ሊጠምቁ የተዋዋሉት እናት ከጓሮአቸው አስገብተው አስቀመጡን። በደጋው አገር ጠላ በገብስ እንደሚጠመቅ ሁሉ፥ በሀብሩ ቈላማ ቀበሌ ማሽላ ብዙውን ሥራ ይሠራል። ሴትዮዋ ሥራቸውን እንደ ትምህርት ቤት መምህር በተራ በተራ አስረዱን። በመጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ ጢስም ይታጠናል። ከዚያ ጌሾና ብቅል በውኃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ቀጥሎም ዱቄቱ ተቦክቶና ተጋግሮ ወይም በምጣድ ታምሶ እንኩሮ ሆኖ ይገባበታል፤ ይህ ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ፥ የጋኑ አፍ ታሽጎ ይቀመጣል። ከላይ የጠለለው ጠላ ነው፤ ያልጠለለው ጉሽ ነው፤ በአተላው ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ነው። በጣሳ የቀረበልኝን ቀመስሁ። የወይራው ጢስ በመጀመሪያ፥ የጌሾው ምሬት በስተኋላ ይመጣል። ወዳጄን ዞር ብዬ «መልካም ነው» አልሁት። እርሱ ጣሳውን ተቀብሎ ሽታውን ብቻ አሸተተና መለሰልኝ። ሴትዮዋ ዝም አሉ፤ ታሪኩን የሚያውቁ የከተማው ሰው ናቸውና።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ወልዲያ የሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጠጁ የሚቀመሰው በወልዲያ ነበርና። በመንገድ ላይ ወዳጄ «ለመሆኑ አንተ ወይን በመጀመሪያ ያወቅኸው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያወቅሁት በልጅነቴ፥ በዲቍና ሳገለግል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ በምትገኘው በቤተ ልሔም ውስጥ ለመሥዋዕት የሚሆነውን ኅብስትና ወይን ስናዘጋጅ፥ ዘቢቡ ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል። ደርቆ የተጨማተረው ፍሬ ውኃውን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ይነፋል። ከዚያም በእጅ ታሽቶና ተጨምቆ ይጠልላል። እኛ ጾመኞች ስለ ሆንን ወደ አፋችን የምናስገባው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ወይንን በምላሴ ሳይሆን በመጀመሪያ በጣቶቼና በአፍንጫዬ አወቅሁት። ይህ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከተዘፈዘፈ ዘቢብ ተጨምቆ እንደሚዘጋጅ አይቶ ጽፏል። ስለዚህ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወይን የወይን ሐረግ በሌለበት አገር እንኳ ከደረቀ ፍሬ የሚገኝ፥ የማያሰክርም ወይን ነው።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ከሦስት ዓመት ወዲህ የኔም ወይን ያ ብቻ ነው» አለኝ። የሚናገረው ስለ ቅዱስ ቍርባን ነበር። ሲሪንቃን አልፈን ዳገቱን እስክንጨርስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ወልዲያ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ደጋው ተራራ ልትገባ አዘንብላለች። ወልዲያ የመንገዶች መጋጠሚያ ናት። ወደ ቆቦና ወደ መቀሌ የሚሄደው፥ ወደ ላስታ ላሊበላ የሚሳለመው፥ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚሻገረው መንገደኛ ሁሉ በእርስዋ በኩል ያልፋል። የየጁ አገር እንደ መሆንዋም በዘመነ መሳፍንት በጐንደር ቤተ መንግሥት ላይ ሥልጣን ይዘው የነበሩት የየጁ መሳፍንት መነሻ ናት፤ ሥልጣናቸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ደጃዝማች ካሣ በአይሻል ላይ ራስ አሊን ድል ባደረጉ ጊዜ አበቃ። በቅርቡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቅ ስታዲዮምም ከሩቅ ይታያል። ተማሪውና መንገደኛው በበዛ ቍጥር የመጠጥ ቤቱም ቍጥር በዝቷል።

የመጀመሪያው ጠጅ ቤት በአስፋልቱ አጠገብ ያለ፥ መብራቱ ደማቅ፥ ሙዚቃው ከፍ ያለ ነበር። ጠጁ በብርሌ ሲቀርብ መልኩ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ዓይን ይስባል። ብርሌውን ወደ አምፑሉ አቅንቼ አየሁት፤ እጅግ ጠርቷል። አሸተትሁት፤ የማር ሽታ ግን አላገኘሁበትም። በቀመስሁት ጊዜ ጣፋጭነቱ ከምላስ ጫፍ ላይ ቀርቶ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ባዶ ሆነብኝ። በየከተማው ማሩን በስኳር፥ መልኩንም በቀለም የሚተካ ሻጭ መኖሩ የታወቀ ነገር ነው። ዋጋው ረከስ ያለ ስለ ነበር ወዳጄ ጥቂት አመነታ፤ ከደመወዙ እየቈጠበ የሚደግስ ሰው ነውና አልፈረድሁበትም። እኔ ግን «ለእኅትህ ሠርግ ስኳር በውኃ ከምታቀርብ ንጹሕ ውኃ ብታቀርብ ይሻላል» አልሁት። ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

ሁለተኛው ቤት ከአውራው መንገድ ገባ ብሎ በአንዲት ጠባብ መንደር ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ የሚያውቀው ሰው ብቻ ይገባበታል። ባለቤትዋ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ናቸው። በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ ተሠርቶ፥ በመደቡ ላይ የበግ ለምድ ተነጥፎበታል። አሮጊቷ ለምን እንደ መጣን በሰሙ ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው። «ለሠርግ ከሆነማ ከሥሩ እነግራችኋለሁ» ብለው ከጋኖቹ ፊት አቆሙን።

ጠጅ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ማር፥ ውኃና ጌሾ። ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል ውኃ ተለክቶ ይበጠበጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቈይ ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ እርሱም ይገፈፋል። ለጠላ የጌሾ ቅጠል ሲሆን ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፤ ተከትክቶ፥ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶለት በእሳት ይፈላና ተመልሶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥራው የጋኑ ነው። በቈላው ሙቀት ቶሎ ይደርሳል፤ በደጋው ብርድ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል። አሮጊቷ ይህን ሲናገሩ፥ በማሩና በጌሾው ላይ ያለው በዓይን የማይታይ እርሾ የማሩን ስኳር ወደ አልኮል እንደሚለውጠው በሳይንስ መጽሐፍ የተማርሁትን አሰብሁ። የደረሰ ጠጅ ብዙ ጊዜ ከመቶ ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ እጅ አልኮል ይኖረዋል፤ ይህም ከቢራ የሚበልጥ፥ ከወይን ጠጅ የማይርቅ መጠን ነው። ጣፋጭነቱ ብርታቱን ስለሚሸፍነው ጠጪው ሳያውቀው ይወስደዋል።

ተቀዳልኝ። መልኩ ደፍረስ ያለ፥ ወደ ቡና ያዘነበለ ወርቅማ ነበር። የማሩ ሽታ ከብርሌው ጠባብ አንገት ገና ሳላቀርበው ደረሰኝ። በአፌ ውስጥ በመጀመሪያ ማሩ፥ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት፥ በመጨረሻም ጢሱ መጣ፤ ሲወርድም ደረትን ያሞቃል። «ይህ ነው!» አልሁ። ወዳጄም ፊቱ በደስታ በራ።

እዚህ ላይ ነበር ያላሰብነው ነገር የመጣው። አሮጊቷ ወዳጄን ተመልክተው «አንተስ ምነው፥ የኔ ልጅ? ጠጄ ተናቀ?» አሉት።

«አልንቅም፥ እማማ፤ የተከለከልሁ ሰው ነኝ።»

«ማን ከለከለህ? ሐኪም ነው ወይስ ቄስ?»

«ሁለቱም» ሲል በቤቱ ያሉት ሁሉ ሳቁ። አሮጊቷ ግን «ደጋሽ ያልቀመሰው ድግስ አይሆንም፤ አንድ ጕንጭ ብቻ፥ አፈር ስሆን!» ብለው ለመኑት። በዚያ ጊዜ ከማዶ መደብ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሰዎች ድምፁን ዐወቁት። ቀድሞ በወልዲያ ሲኖር አብረውት ይጠጡ የነበሩ ናቸው። «ይህን ሰው እኛ እናውቀዋለን! መቼ በአንድ ጕንጭ ይመለሳል?» አሉና አንድ ሙሉ ብርሌ አስቀድተው ከፊቱ አኖሩለት። «በሞቴ!» አለው አንደኛው፤ «በሞቴ!» አለው ሁለተኛው።

ወዳጄ ብርሌውን አንሥቶ ያዘው። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኑ ግን ከብርሌው አልተነሣም። እኔ መናገር ሲገባኝ አልተናገርሁም። ያልተናገርሁትም ድፍረት አጥቼ ብቻ አይደለም፤ ያ «በሞቴ» የሚለው ቃል የኔ ቃል ስለ ነበር ነው።

በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ወዳጄ ከኮሌጅ ወጥቶ በአዲስነት ወደ ትምህርት ቤታችን በመጣ ጊዜ፥ የመጀመሪያውን ደመወዙን በተቀበለበት ዕለት ወደ ጠጅ ቤት ይዤው የሄድሁት እኔ ነበርሁ። «አልጠጣም፤ ለምጄ አላውቅም» ቢለኝ ሦስት ጊዜ «በሞቴ» አልሁት። እርሱም የሰው ፊት አፍሮ ጠጣ። እኔ ሁለት ብርሌ ጠጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ የሚቻለኝ ሰው ነበርሁ፤ እርሱ ግን እንዲህ አልነበረም። ይህን ልዩነት የሚያሳይ ምልክት በማንም ግንባር ላይ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በደረሰበት ነገር ሁሉ እኔ መካሪ ሆኜ እቀርብ ነበር እንጂ አስጀማሪው እኔ መሆኔን ለማንም፥ ለነፍስ አባቴም ጭምር፥ አልተናገርሁም ነበር።

ወዳጄ ብርሌውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ቍጣ በሌለበት ቃል «የመጀመሪያውን ያጠጣኸኝ አንተ ነህ፤ ይህን ደግሞ አንተ ጠጣልኝ» አለኝ።

ብርሌውን ተቀበልሁ። ለመጠጣት ግን ጉሮሮዬ እንቢ አለኝ። ይዤው እንደ ተቀመጥሁ አሮጊቷ መጥተው ከእጄ ወሰዱት። የሰሙትን ሰምተው ነበርና ሁለቱን ሰዎች «እናንተ የራሳችሁን ጠጡ!» ብለው ገሠጹአቸው። ወደ ጓዳ ገብተውም ሌላ ብርሌ ይዘው ተመለሱ። «አብሽር፥ ልጄ፤ ይህ ብርዝ ነው። ትላንት የበጠበጥሁት፥ ጌሾ ያልነካው ማርና ውኃ ነው። ለልጆችና ለእስላም ጎረቤቶቼ ሁልጊዜ አስቀምጣለሁ» አሉት። ወዳጄ ጠጣ። ከማዶ ሆኖ ለሚያየው ሰው ብርዝ የያዘው የርሱ ብርሌና ጠጅ የያዘው የኔ ብርሌ አይለይም ነበር።

ከዚያ ቤት በወጣን ጊዜ ከተማው ቀዝቅዞ ነበር። በጨለማው መንገድ ስንሄድ «ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ከተራመደ በኋላ «ይቅር ያልሁህ ዱሮ ነው፤ ሳትጠይቀኝ ስለ ቀረህ ግን አዝኜብህ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም እግር ነበረኝ፥ ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር» አለ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው ወይስ እውነቱን ሊናገር ብዬ አሰብሁ፤ ሁለቱም ይመስለኛል። ያን ሌሊት እኔ ቤት አደረ። በማግሥቱም ወደ አሮጊቷ ተመልሰን ጠጁን ተዋዋልን። ወዳጄ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ «የጠጁን ያህል ብርዝ ይሁንልኝ፤ ብርሌውም አንድ ዓይነት ይሁን» አላቸው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የጥምቀት በዓላችን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጆች ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ስለ ነበር፥ የጥር ወር በየቦታው ከወትሮው ይልቅ ደመቅ አለ። ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን አከበርን፤ እሑድ ጥር 17 ቀንም ሠርጉ ሆነ። የወሎ ሠርግ እንደ መሆኑ ክርስቲያኑም እስላሙም በየዳሱ ተቀምጧል፤ ሥጋውም በየሥርዓቱ ለየብቻ ተዘጋጅቷል። ለመጠጡ ግን የተለየ ዳስ አልተሠራለትም። ለሁሉም በብርሌ ይቀዳ ነበር። የሚቀዱት ወጣቶች ከየትኛው እንሥራ እንደሚቀዱ አስቀድመው ተነግሮአቸዋል፤ እንግዳውም በዝግታ የሚሻውን ይነግራቸዋል። ከዚያ በቀር ማን ጠጅ፥ ማን ብርዝ እንደ ያዘ የሚያውቅ አልነበረም። ለማንም «ለምን አልጠጣህም?» የሚል ጥያቄ አልቀረበለትም።

በዚያች ቀን የቃናውን ሠርግ ወንጌል በሌላ ዓይን አየሁት። ጌታችን ውኃውን የወይን ጠጅ ባደረገ ጊዜ የቀመሰው አሳዳሪው ነበር፤ ከየት እንደ መጣ ግን እርሱ አላወቀም። ምሥጢሩን የያዙት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ነበሩ። ድግስ የሚከብረው በቀማሹ ምላስ ብቻ ሳይሆን በቀጂው ጥበብና ዝምታም ነው ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው፤ ለሮሜ ምእመናን ደግሞ ለወንድም መሰናክል የሚሆን ከሆነ ወይኑን መተው እንደሚሻል ጻፈላቸው። ሁለቱ ምክሮች አይጣሉም። የመጀመሪያው ስለ ራሳችን ነው፤ ሁለተኛው በአጠገባችን ስለ ተቀመጠው ሰው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በእንግዳ ተቀባይነታችን ልንመሰገን ይገባናል። «ብላ፥ ጠጣ» ብሎ መለመን የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን በሞታችን አስምለን የምናጠጣው ሰው ምን ዓይነት ትግል ላይ እንዳለ አናውቅም። ስለዚህ በቤታችሁ ማኅበር ወይም ሰንበቴ፥ ክርስትና ወይም ሠርግ በምታዘጋጁበት ጊዜ፥ ከጠላውና ከጠጁ ጐን ብርዝ አኑሩ፤ በዚያው ዓይነት ብርሌም ቅዱት። እንግዳችሁ አንድ ጊዜ «ይብቃኝ» ሲል ይብቃው፤ ሁለተኛ አትለምኑት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያ ደርሶ፥ ከተማይቱም ሀብሩም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ብዙ መከራ አዩ። ሰላም በተመለሰ ጊዜ ወደ አሮጊቷ ቤት ብሄድ ከጋኖቻቸው ሁለቱ ብቻ ተርፈው አገኘኋቸው። በዚያ ወራት ስለ ወዳጄ እጅግ እሠጋ ነበር። ሰው በሐዘንና በማጣት ወደ ተወው ነገር ሲመለስ አይቻለሁና። በጥር ወር ትራንስፖርት ሲገኝ ወደ መርሳ ወረድሁ። ቤቱን አንኳኳሁ፤ ከስቶና ጠቍሮ፥ ነገር ግን ዓይኑ ጠርቶ አገኘሁት። አቅፎኝ ከተቀመጥን በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ብርሌ ይዞልኝ መጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ አሳየኝ።

«እስቲ ቅመስልኝ» አለኝ፤ «ማሩን የገዛሁት ከማላውቀው ሰው ነው፤ ስኳር እንዳይሆን።»

ቀመስሁት። ማር ነበር።